የቆመችው ታንኳ

መምህር ሣህሉን ያገኙት መረባቸውን ሊያነሡ የወጡ ዓሣ አስጋሪዎች ናቸው። ጣና በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ጭጋጉን ተከናንቦ ስለነበር ሰማዩ የት እንዳለቀ፣ ውኃው የት እንደጀመረ አይለይም። ከደንገሉ መካከል ነጭ ነገር ሲወዛወዝ አይተው የውኃ ወፍ መስሏቸው ነበር። ቀረብ ሲሉ ሸሚዝ ሆነ። ሸሚዙን የለበሰው ደግሞ የሠፈሩ ልጆች ሁሉ «ጋሼ» የሚሉት ሰው ነው፤ ፊቱን ውኃው ውስጥ ደፍቷል፣ ማጅራቱን ተመትቷል።

ሬሳውን ለማየት በታንኳ የገባው መርማሪ መቶ አለቃ ገብረ ኪዳን ይባላል። ደቅ ደሴት ከቄስ አባት ተወልዶ ያደገ ነው። ካድሬዎቹ «ጓድ፣ ይህን ስም እስከ መቼ ትሸከመዋለህ?» እያሉ ሲቀልዱበት፣ «የምሸከመው እኔ፣ የሚከብዳችሁ እናንተ» ይላቸዋል። ቀልድ አያልቅበትም። ሬሳ ፊት ሲቆም ግን ቀልዱ ሁሉ ይጠፋበታል።

ወደ ዳር ተመልሶ ከታንኳዋ ወረደ። አፏን ይዞ ከውኃው አወጣት፣ አንጠፍጥፎም ከትልቁ ዋርካ አስደገፋት። ይህን ማድረጉን እሱ ራሱ ልብ አላለም፤ ሐሳቡ ሬሳው ላይ ነበር።

ዋርካው ሥር ሌሎች ታንኳዎች ግንዱን ተደግፈው ቆመዋል። ሁሉም ደርቀው ነጥተዋል። ከእነሱ መካከል አንዷ ብቻ ከታች ጠቁራ ውኃ ታንጠባጥባለች። ነፋስ የለም፤ ጠብታዋ ቅጠል ላይ ስታርፍ የሚሰማው እሱ ብቻ ነው።

«ይህች የማን ናት?» አለ።

መልሱን የሰጡት እዚያው ዳር ዓሣ እየጠበሱ የሚሸጡት እማማ የብርጓል ናቸው።

«የእሱ የሟቹ ናታ!»

«ማን አቆማት?»

«እንጃ ልጄ። ጠዋት ስወጣ ቆማ አገኘኋት።» ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። «እሱ ራሱ ሳይመልሳት አይቀርም።»

«ሞቶ?»

«ይህ ባሕር የወሰደውን ሁሉ ያስቀራል ያለህ ማን ነው? ትናንት ጀንበር ስትጠልቅ ከገበያ ስመለስ እኮ ደኅና ነበረ። እዚያ ክፍል ውስጥ በአገውኛ ሲቆጥር ሰምቸዋለሁ። ማታ ማታ ልማዱ ነው፤ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ በሩን ዘግቶ ብቻውን ያስተምራል። ማንን እንደሚያስተምር እኔ አላውቅም።»

መቶ አለቃው ወደ ክፍሉ ተመለከተ። ከውኃው ዳር ብቻውን የቆመ የቆርቆሮ ቤት ነው። መንግሥት ለሙከራ በጀት መድቦለት፣ ለፋብሪካ ሥራ ከአገው ምድር የመጡ ቤተሰቦች ልጆች በአገውኛና በአማርኛ ይማሩበታል። እንዲህ ያለ በጀት የደረሰው ትምህርት ቤት በአውራጃው ሌላ የለም። በጀቱ ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለውን የሚቆርጥ ልዑክ ደግሞ ሐሙስ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ለእሱ መቀበያ በግቢው የተጀመረው ዳስ ግማሹ እርጥብ ደንገል ለብሷል፣ ግማሹ እንጨቱን አግጥጦ ቀርቷል።

*

ርዕሰ መምህሩ አቶ ክንዱ ክራቫት አሳሮ፣ ጫማውን ወልውሎ ቢሮው ጠበቀው። ዓይኑ ግን እንቅልፍ አላየም።

«ትልቅ ሰው ነው ያጣነው፣ ጓድ መቶ አለቃ። አገውኛውን የሚያስተምረው እሱ ነበር። ያለ እሱ ሐሙስን እንዴት እንደምንወጣው እንጃ።»

«ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አዩት?»

«ጠዋት ክፍል ሲገባ። ትምህርታችን የግማሽ ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ እዚሁ ቢሮ ነበርኩ። አመሻሽ ላይ የውይይት ክበቡን የመራሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ከጓድ አዘዘ ጋር አብረን አመሸን፣ ቤቴም እሱ አደረሰኝ።»

ጓድ አዘዘ የከተማው ካድሬ ነው። ከእሱ የተሻለ ምስክር ማንም ሊያመጣ አይችልም።

«ሣህሉ ቤቱ ከባሕሩ ማዶ ነው አሉ። በታንኳው ሲመላለስ ያውቃሉ?»

«አየዋለሁ። እኔ የጎንደር ከተማ ልጅ ነኝ፤ ውኃ ከብርጭቆ ውጭ አልወድም። ታንኳ የሚባለውን ረግጬው አላውቅም።» ወዲያው በመስኮቱ ወጣ ብሎ ተጣራ። «ይበልጣል! ልጆቹን ወደ ባሕሩ እንዳታስቀርባቸው፤ ከቀትር በኋላ ማዕበል ይነሣል!»

ይበልጣል ልጁ ነው፣ የሟቹም ረዳት መምህር። ቀጠን ያለ ዝምተኛ ጎረምሳ ሲሆን ዓይኖቹ በለቅሶ አብጠዋል።

«እናቱ የሞተችው እሱን ስትወልድ ነው» አለ ክንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያለ እሱ ሌላ የለኝም።»

«በዚህ ዕድሜው ለብሔራዊ ውትድርና አልተጠራም?»

«የፕሮግራሙ መምህራን አይጠሩም። በጀቱ እስካለ ድረስ።»

መቶ አለቃው ሊወጣ ሲል ክንዱ ጠራው። «ስም ማጥፋት አይሁንብኝና፣ ቢያዝን የሚባል የፋብሪካ ሠራተኛ አለ። ባለፈው ሣህሉን አንቆ ይዞት ነበር። አገላጋዩ እኔ ነኝ።»

*

ቢያዝን እስኪመሽ አልተጠበቀም። ጓድ አዘዘ ቀድሞ አስይዞት መቶ አለቃው ጣቢያ ሲደርስ መሬት ላይ ተቀምጦ አገኘው። ትከሻው ሰፊ፣ ፀጉሩ ላይ የጥጥ ብናኝ የቀረበት ሰው ነው።

«አንቀኸዋል?»

«አንቄዋለሁ» አለ ቢያዝን። «አልዋሽም። ልጆቼን ከዳንግላ ያመጣኋቸው አማርኛ ተምረው እንደ ሰው ቢሮ ይገባሉ ብየ ነው። አገውኛውንማ እናታቸው ከጡቷ ጋር አጥብታቸዋለች፤ ለዚያ መንግሥት ምን አደከመው? ይኸንኑ ስነግረው ‹ልጅህ በማያውቀው ቋንቋ ሲጠየቅ ደደብ ይመስላል፤ ባወቀው ከጀመረ ግን ሁለቱንም ይይዛል› አለኝ። እኔን ደደብ ያለኝ መሰለኝና አነቅሁት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ታረቅን። ትንሿ ልጄ አንድ ቀን ደብዳቤ በሁለቱም አነበበችልኝ። ምን እላለሁ እንግዲህ?»

«ትናንት ማታ የት ነበርህ?»

«ቤቴ። ሚስቴ አገር ቤት ለቅሶ ሄዳለች፣ ልጆቹ ተኝተዋል።»

«ቀንስ?»

«ቀንማ ፋብሪካ ነኝ፤ ከማሽኑ ሥር ማን ያነሣኛል? ሺህ ሰው ጠይቅ።»

ቀኑ ግን አይረባውም። እማማ የብርጓል ሟቹን የሰሙት ጀንበር ስትጠልቅ ነው። ሐኪሙም ውኃ ውስጥ ያደረ ሬሳ ሰዓቱን አይናገርም ብሏል። ሣህሉ የሞተው ማታ ከሆነ ቢያዝን ምስክር የለውም።

ጓድ አዘዘ በሩ ላይ ሆኖ የሲጋራውን አመድ አራገፈ።

«የብሔረሰቦችን ትምህርት ለማደናቀፍ የተላከ ፀረ-አብዮተኛ ነው። ልዑኩ ሐሙስ ሲመጣ ገዳዩ እርምጃው ተወስዶበታል ብለን እንጠብቃለን። ነገ ቀትር ላይ ታስረክበኛለህ።»

«ምርመራው ገና ነው፣ ጓድ።»

«ለእኔ አልቋል።»

አዘዘ ዘንድ የገባ ሰው ስንቅ የሚያመላልሱለት ዘመዶቹ አንድ ቀን «ከእንግዲህ አታምጡ» ይባላሉ። መቶ አለቃው ይህን ያውቃል። ቢያዝንም ያውቃል፤ የጠየቀውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጆቹን እናታቸው እስክትመጣ ማን እንደሚያበላቸው።

*

ከሰዓት በኋላ መቶ አለቃው ቢያዝንን ይዞ ወደ ዋርካው መጣ። ክንዱ እንዳለውም ማዕበሉ ተነሥቶ ነበር። ታንኳ መያዝ ያውቅ እንደሆነ ሊፈትነው፣ አንድ አስጋሪ የተዋትን ታንኳ አሳየውና «ከውኃው አውጣልኝ» አለው።

ቢያዝን አፏን ይዞ እንደ ግንድ ጎተታት፤ ሣሩ ላይ ሲደርስ አጋድሟት እጁን አራገፈ።

«ኧረ አቁማት አንተ ሰው!» እማማ የብርጓል ከዓሣቸው ተነሡ። «ደንገል እኮ ናት፤ ውኃዋ ካልወረደላት ትበሰብሳለች! እናንተ ደገኞች ምን ነካችሁ? ያም ነፍሱን ይማረውና እንዲሁ ጭቃ ላይ ጥሏት ነበር የሚሄደው። ጮኸሁ ጮኸሁ፣ መቼ ሰምቶኝ!»

መቶ አለቃው ቀስ ብሎ ወደ እሳቸው ዞረ።

«ሣህሉ ታንኳውን አያቆምም ነበር?»

«በሕይወቱ አንድ ቀን አላቆማትም።»

ያን ጊዜ ጠዋት ራሱ ያስደገፋትን ታንኳ አየ። ማን አዘዘው? ማንም። እጁ ነው ያደረገው። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ታንኳ አጋድሞ በሄደ ቁጥር ጆሮውን እየቆነጠጡ ያስተማሩት እጅ! ደቅ ላይ፣ ዘጌ ላይ፣ በየደሴቱ ያደገ ሰው ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ታንኳውን ሳያቆም አይሮጥም። ሣህሉን የገደለው ሰው ሬሳውን ደንገል ውስጥ ጥሎ በሟቹ ታንኳ ተመልሷል፤ ነፍሱ ስትሸሽ እጁ ግን እንደ ልማዱ ታንኳዋን አቁሟታል።

የባሕር ልጅ ነው። ቢያዝን ግን አይደለም።

ነገሩን ለአዘዘ ቢነግረው ሳቀበት። «ሰው ልፍታ የምትለኝ ታንኳ ቆማ ተገኘች ብለህ ነው? የማታውን ነገር ንገረኝ። ማታ የት ነበር?»

*

አመሻሽ ላይ እማማ የብርጓል ነጠላቸው እየተጎተተ፣ በባዶ እግራቸው እያለከለኩ ጣቢያ ድረስ መጡ።

«ጀምሯል» አሉ። «ይቆጥራል።»

ሲደርሱ ውኃው እንደ ዘይት ረግቷል። አስጋሪዎቹ ከዋርካው ወዲህ ተኮልኩለው ያማትባሉ፤ አንዳቸውም ወደ ክፍሉ አልቀረቡም። ጭጋጉ ከደንገሉ እየተነሣ የቆርቆሮውን ቤት ከታች ጀምሮ እየዋጠው ነው። ከውስጡ የሰው ድምፅ ይመጣል። ጎርነን ያለ፣ በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ ጥቂት የሚቆም፣ ከዚያ ልጆች እንዲመልሱለት ዝም ብሎ የሚጠብቅ ድምፅ። የሚመልስ የለም። እንደገና ይቆጥራል።

«እሱ ነው» አለ አንዱ አስጋሪ። «ዛሬ ቀብሩ ላይ የነበርሁ እኔ ነኝ፣ እሱ ነው!»

ገብረ ኪዳን ፈራ። ሽጉጥ መታጠቁ ምን ሊረባው! «በስመ አብ ወወልድ» ብሎ ጀምሮ መጨረሱን ሳያውቀው በሩ ደረሰ። መያዣው በጤዛ ቀዝቅዟል። ውስጥ ያለው ድምፅ ልክ እንደ ሕያው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

በሩን በእግሩ መታው።

ሰሌዳው ፊት የቆመው ይበልጣል ነበር። ጠመኔው ከእጁ ወደቀ።

«አንተ ነህ?» አለ መቶ አለቃው።

«አትናገሩብኝ» አለ ልጁ። የራሱ ድምፅ ሲወጣ ለስላሳ ነው። «አገውኛ አልችልም። አባቴ ይችላል ብሎ ነው ያስቀጠረኝ። ጋሼ ሣህሉ ከመጀመሪያው ቀን አውቆብኛል፤ ግን አላጋለጠኝም። እሱ ሲያስተምር የሰማሁትን ማታ ማታ እደግመዋለሁ። ቃሉን ከድምፁ ለይቼ መያዝ ስላቃተኝ እንደ እሱ ነው የምለው። ሐሙስ ልዑኩ አስተምር ቢለኝ…» ማልቀስ ጀመረ።

«ማታ ማታ? ሁልጊዜ?»

«አዎ።»

«ትናንትም?»

«ትናንትም።»

«እሱስ ትናንት እዚህ ነበረ?»

«የለም። ከቀትር ጀምሮ አላየሁትም።»

መቶ አለቃው አንዱ ወንበር ላይ ተቀመጠ። የሕፃን ወንበር ስለሆነ ጉልበቱ ደረቱን ነካው። የሞተ ሰው ዛሬ ካልቆጠረ፣ ትናንትም የቆጠረው እሱ አይደለም። ሣህሉን ከቀትር በኋላ በሕይወት ያየው የለም ማለት ነው። ከቀትር በኋላ ደግሞ ቢያዝን ሺህ ሰው መካከል ማሽኑ ሥር ነበር። የማታው ስብሰባ፣ የማታው ምስክር፣ የካድሬው አጀብ፣ ሁሉም ባዶ ሰዓት ሲጠብቁ ያመሹ ዘበኞች ሆነው ቀሩ። አሁን የሚጠየቀው ቀን ብቻውን ቢሮ የነበረው፣ ውኃ አልወድም እያለ ማዕበሉ የሚነሣበትን ሰዓት ያወቀው ሰው ነው።

«ይበልጣል፣ ጋሼ ሣህሉ ለልዑኩ ምን ሊል ነበር?»

«በጀቱ ወደ አገው ምድር ይሂድ ሊል ነው። እዚህ ያሉት ልጆች አማርኛውን መንገድ ላይ ለምደውታል፤ እዚያ ያሉት ግን መምህሩ የሚለው ሳይገባቸው ከክፍል ክፍል ይወድቃሉ ይል ነበር።»

«ይህ ትምህርት ቤት ተዘግቶ?»

«ተዘግቶ። እኔን ግን ይዞኝ ሊሄድ ነበር። ‹እዚያ ስትኖር ቋንቋው ራሱ ይገባሃል› አለኝ።»

*

ረቡዕ ማለዳ ጭጋጉ እንደ ማክሰኞው ከብዷል። መቶ አለቃው አቶ ክንዱን ከቤቱ አስነሥቶ ሬሳው እስከተገኘበት ቦታ በታንኳ አብሮት እንዲወጣ ጠየቀው።

«ታንኳ እፈራለሁ ብዬህ የለም?»

«እኔ እቀዝፋለሁ። ቁጭ ማለት ነው እንጂ ሌላ ሥራ የለብዎትም።»

እምቢ ማለት ጥያቄ ያመጣል። ክንዱ ጫማውን ሳያወልቅ ገባ፤ ጎንና ጎኗን ጨብጦ፣ ፈሪ እንደሚቀመጥ ተቀመጠ። ገብረ ኪዳን በረጅሙ ቀርከሃ እየገፋ ከዳር አራቃቸው። ዋርካው ጠፋ። ዳርቻው ጠፋ። ከቀርከሃው የሚንጠባጠበው ውኃ ብቻ ይሰማል።

ከደንገሉ አልፈው ጥልቁ ላይ ሲደርሱ መቶ አለቃው ቀርከሃውን ለቀቀው። ወዲያው በአንድ ጎን ተደገፈ። ታንኳዋ አጋደለች፣ ውኃ ገባ፣ ዞረች።

ከዚያ የሆነው ከዓይን ጥቅሻ የፈጠነ ነው። ክንዱ በጉልበቱ ተንበረከከ። ክብደቱን ወደ ተቃራኒው ጎን ጥሎ አቃናት። በሁለት መዳፉ ውኃውን እየቀዘፈ አፏን አዞረ፣ የሚንሳፈፈውን ቀርከሃ በእጁ ጠልፎ አወጣው፣ በአንዱ ጫፍ ግራ በሌላው ቀኝ እያለ ታንኳዋን አረጋጋት።

ከዚያ እጁን አየ። ቀርከሃውን ጉልበቱ ላይ አጋደመው።

«ጎንደር ከተማ እንዲህ ያለ ባሕር መኖሩን አላውቅም ነበር» አለ ገብረ ኪዳን።

ከጭጋጉ ወዲያ፣ ከአንዱ ደሴት፣ የድንጋይ ደወል ተመታ። ክንዱ ራሱን ዝቅ አደረገ።

«የዚያ ደብር ልጅ ነኝ» አለ። ሲናገር የከተማው አነጋገር ከአፉ ወድቆ ነበር። «አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ለፓርቲው የሠራተኛ ልጅ ነኝ ብየ ጻፍሁ። ለልጄ ብየ። የማደርገውን ሁሉ ለልጄ ብየ ነው የማደርገው።»

«ሣህሉንም?»

«ለዳሱ ደንገል እንምረጥ ብየ ይዠው ወጣሁ። ለመንሁት። አንድ ዓመት ብቻ ዝም በል፣ ጦርነቱ ይበርድ ይሆናል አልሁት። ‹በአገው ምድር ያሉት ልጆችስ?› አለኝ። የእሱ ልጆች አይደሉም እኮ! ጀርባውን ሰጥቶኝ ደንገል ሲቆርጥ… በታንኳው ቀርከሃ ነው።»

«ታንኳዋን ለምን አቆምሃት?»

ክንዱ ግራ ገብቶት አየው። «አቆምኋት እንዴ?»

ገብረ ኪዳን መናገር አልፈለገም ነበር፤ ግን ያልተነገረው ነገር ከበደው።

«ልጅህን ይዞት ሊሄድ ነበር። እዚያም በፕሮግራሙ ውስጥ ሆኖ ከውትድርና ይድን ነበር።»

«ነግሮኛል» አለ ክንዱ። «ከመምታቴ በፊት ነግሮኛል። አላመንሁትም። በዚህ ዘመን ሰው የሰውን ልጅ ያድናል ብሎ ማን ያምናል?»

ወደ ዳር የቀዘፈው እሱ ነው። እማማ የብርጓልና አስጋሪዎቹ ቆመው ያዩታል። ወረደ፤ ታንኳዋን አፏን ይዞ አወጣት፣ አንጠፍጥፎ ከዋርካው አስደገፋት። የተጨማለቀውን ክራቫቱን አስተካክሎ እጁን ለካቴና ዘረጋ።

*

ቢያዝን ከቀትር በፊት ተፈታ። ጓድ አዘዘ ያመሸው ከገዳዩ ጋር መሆኑ እንዳይወራ ፈልጎ ፋይሉን ሳይከራከር ፈረመ።

ሐሙስ ልዑኩ መጣ። የሚያስተምር ሌላ ሰው ስላልነበረ ሰሌዳው ፊት የቆመው ይበልጣል ነው። ልጆቹ መልስ የሚሰጡት በአገውኛ፣ ከዚያ በአማርኛ ነው። ገብረ ኪዳን ከመስኮቱ ውጭ ቆሞ ያንን ጎርናና ድምፅ ሲሰማ፣ የማን እንደሆነ እያወቀ እንኳ ማጅራቱን በረደው። አጠገቡ ቢያዝን ቆሟል፤ በአገውኛ የተጠየቀውን ሁሉ ከንፈሩን ሳይከፍት ለራሱ ይመልሳል።

ልዑኩ አጨበጨበ። ሰብሳቢው «በጀቱ እዚሁ እንዲቀጥል የሚከለክል ነገር አላየንም» ሲል ይበልጣል እጁን አወጣ፤ እንደ ተማሪ።

«መምህር ሣህሉ ሊነግራችሁ ያሰበው ነገር ነበር» አለ። አሁን በራሱ ድምፅ ነው የሚናገረው። «እኔ ቋንቋውን አልችልም። የሰማችሁት እሱን ነው። በጀቱን ልጆቹ ወዳሉበት ውሰዱት፣ የሚችል ሰውም ቅጠሩበት።»

ገብረ ኪዳን መስኮቱን ሊመታ እጁን አንሥቶ ነበር። ዝም በል፣ አንድ ዓመት ብቻ ዝም በል ሊለው። አባትየው የለመነውን ልመና እሱም ሊለምን መሆኑ ሲገባው እጁን አወረደ።

በጀቱ ወደ አገው ምድር ተዛወረ። ይበልጣል በሚቀጥለው ዙር ለውትድርና ተጠራና ከሌሎቹ ጋር በመኪና ተጫነ። ከመሄዱ በፊት ማዶ ያለውን የሣህሉን ዕቃ ለዘመዶቹ ለመላክ በሟቹ ታንኳ ተሻግሮ ነበር። ሲመለስ ጭቃው ላይ አጋድሟት ሄደ፤ አባቱ ባሕር አላስተማረውም። እማማ የብርጓል አልጮኹበትም። ራሳቸው ወርደው አቆሙለት።